ምኑ ተጣሞ ነው የተቃናው? (ስለ ኮምፒዩተር ምትና ስለ ከበሮአችን የቀረበ ሂስ)

ባለፈው ዓመት በማኅበራችን አዳራሽ ተሰብስበን የሠርግ ዘፈኖችን ቀድተን ለልጆች መማሪያ ለማዘጋጀት ሞክረን ነበር። ከጎንደር ገጠር የመጡ አንዲት እናት ከበሮውን በጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ሴቶች ልጆቻቸው በዙሪያቸው ሆነው ያጨበጭባሉ፤ የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች የሆነ አንድ ወጣት ደግሞ ማይክሮፎኑንና ኮምፒዩተሩን አዘጋጀ። ቀረጻው ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። በሳምንቱ ወጣቱ የኪቦርድ ዜማ ጨምሮበት፣ "አስተካክዬዋለሁ" ብሎ አሰማን። ድምፁ የጠራ ነው፤ ምቱም እንደ ሰዓት ቆጣሪ አይዛነፍም። እናትዬዋ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ካዳመጡ በኋላ፣ "ልጄ፣ ከበሮው የእኔ ነው፤ የሚመታው ግን ሌላ ሰው ነው" አሉ። ወጣቱም በአክብሮት፣ "እማማ፣ የሚመቱትስ እርስዎ ነዎት፤ ማሽኑ ትንሽ አቃንቶት ነው እንጂ" አላቸው። እርሳቸውም መልሰው፣ "ምኑ ተጣሞ ነው የተቃናው?" ብለው ጠየቁት።

በአዳራሹ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ይሁን እንጂ ጥያቄው መልስ የሚፈልግ መሆኑን የተረዳነው ወደየቤታችን ስንመለስ ነው። እንደሚታወቀው ዛሬ በየሠርጉና በየበዓሉ የምንሰማው ዘፈን አብዛኛው በኮምፒዩተር ውስጥ ያለፈ ነው። እዚህ አገር የተወለዱት ልጆቻችን እስክስታ የሚማሩትም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በምታችን ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤተሰብም ጉዳይ ነው እንላለን። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ወጣቱን አይደለም። እርሱ የሠራው የሙያ ጓደኞቹ የሚሠሩትን ነው፤ አሳቡም ቅን ነበር። የምንነቅፈው ማንም ሳይጠይቅ እንደ ግዴታ የተያዘውን የማቃናት ልማድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

በመጀመሪያ ነገሩን በቀላሉ ለማስረዳት እንሞክር። አንድ ሰው ከኮምፒዩተር ጋር በተያያዘ ኪቦርድ ሲጫወት፣ ኮምፒዩተሩ በሚዲ የሚመዘግበው ድምፁን አይደለም። የሚመዘግበው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ፣ መቼ እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ሚዲ የሚባለው ይህ የመሣሪያዎች መግባቢያ በ1983 ይፋ የሆነ ሲሆን እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ከዚህ የተነሣ በዚህ መንገድ የተቀዳ ኖታ ከአፍ እንደወጣ ቃል ሳይሆን በእርሳስ እንደተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ከተጻፈ በኋላም ይታረማል፣ ይፋቃል፣ ከቦታው ይነሣል።

ኳንታይዝ የሚባለው አሠራር የመጣው ከዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ ጊዜን እንደ ሒሳብ ደብተር በእኩል መስመሮች ይከፍለዋል። ከዚያም እያንዳንዱን ኖታ በአቅራቢያው ወዳለው መስመር ይስበዋል። ትንሽ የቀደመው እንዲዘገይ፣ ትንሽ የዘገየው እንዲቀድም ይደረጋል። ዛሬ ፕሮግራሞቹ ይህን የሚሠሩት በኪቦርድ ኖታ ላይ ብቻ አይደለም። በማይክሮፎን የተቀዳ ከበሮን፣ ክራርንና ጭብጨባን ጭምር እያንዳንዷን ምት እየለዩ ወደ መስመሩ ይስባሉ። የእናትዬዋ ከበሮ የተቃናው በዚህ መንገድ ነው።

ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እኩል መስመር ብቻውን ደረቅ መሆኑን ገና ከመጀመሪያው አውቀውት ነበር። በ1980 የወጣው የአሜሪካዊው የሮጀር ሊን የከበሮ ማሽን፣ ኤልኤም-1፣ ምትን ከማቃናት በተጨማሪ ስዊንግ የሚባል ማወዛወዣ ነበረው። ይኸው ሰው ከጃፓኑ የአካይ ኩባንያ ጋር በ1988 ያወጣው ኤምፒሲ-60 የተባለው መሣሪያም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ስዊንግ ማለት ከየሁለቱ ተከታታይ ትንንሽ ምቶች ሁለተኛውን ማዘግየት ነው። ለምሳሌ ሁለቱ ምቶች አብረው ሩብ ሰከንድ፣ ማለትም 250 ሺህኛ ሰከንድ የሚፈጁ ቢሆን፣ ስዊንጉ 50 በመቶ ሲሆን ሁለተኛው ምት ልክ በመካከሉ፣ በ125ኛው ላይ ይወድቃል። 66 በመቶ ሲሆን ወደ 165 ይሄዳል። 75 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 188 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው፤ ጆሮ ግን ወዲያው ይለየዋል፤ ትከሻማ ይብስበታል።

ከዚህ ሰፋ ያለው አሠራር ግሩቭ የሚባለው ነው። ይህም ልብስ ሰፊ ልክ እንደሚወስድ ሁሉ የአንድን ተጫዋች ልክ መውሰድ ነው። የትኛውን ምት እንደሚያስቀድም፣ የትኛውን እንደሚያዘገይ፣ የትኛውን አጥብቆ የትኛውን አላልቶ እንደሚመታ ከአንድ ቅጂ ላይ ይወሰድና በሌላ ቅጂ ኖታዎች ላይ ይሰፋል። አብሌተን ላይቭ የተባለው ፕሮግራም በ2009 በወጣው ስምንተኛ እትሙ ይህን አሠራር በሰፊው አቅርቦታል። የተወሰደው ልክ በመቶ ስንት እጁ እንዲሠራ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው። ሞክሮ ካልወደደው ይተወዋል። እንዲጸና የሚያደርገውን ቁልፍ ከተጫነ ግን ኖታዎቹ በአዲሱ ቦታቸው ይጻፋሉ።

ሦስቱ ምቶች የት ሄዱ?

ወጣቱ ፋይሉን ከፍቶ እንዲያሳየን ጠየቅነው፤ እርሱም ሳይከፋው አሳየን። ስሕተቱን ያገኘነው ወዲያው ነው። ሙዚቀኞቻችን ችክችካ የሚሉት የእስክስታ ምት በስድስት ስምንተኛ የሚቆጠር ነው። ይህም ማለት እያንዳንዱ ዋና ምት በውስጡ ሦስት ትንንሽ ምቶችን ይዟል ማለት ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰመረው መስመር ግን ዋናውን ምት በአራት የሚከፍል ነበር።

ይህ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ በቁጥር እናሳይ። በደቂቃ 120 ዋና ምቶች ቢመቱ፣ እያንዳንዱ ዋና ምት 500 ሺህኛ ሰከንድ ይፈጃል። በሦስት እኩል ሲከፈል ትንንሾቹ ምቶች በ0፣ በ167 እና በ333 ላይ ይወድቃሉ። የኮምፒዩተሩ መስመሮች ግን በ0፣ በ125፣ በ250 እና በ375 ላይ ናቸው። በ167 ላይ ለነበረው ምት ቅርቡ መስመር 125 ስለሆነ ወደዚያ ተሳበ። በ333 ላይ ለነበረው ደግሞ ቅርቡ 375 ስለሆነ ወደዚያ ተገፋ። እንግዲህ ሦስቱ እኩል እርምጃዎች ወደ አጭር፣ ረጅምና አጭር ተለወጡ ማለት ነው። ርዝመታቸው 125፣ 250 እና 125 ሆነ። መካከለኛው ከግራና ከቀኙ እጥፍ አደገ። ይህ ማቃናት አይደለም፤ ሌላ ምት ነው። እናትዬዋ "የሚመታው ሌላ ሰው ነው" ያሉት በስሜት ብቻ አልነበረም፤ ስሌቱም ይመሰክርላቸዋል።

ወጣቱ ይህን እንዳየ መስመሩን በሦስት ለሚከፍለው ለውጦ እንደገና አሰማን። በጣም ተሻለ። ሴቶች ልጆቻቸውም ማጨብጨብ ጀመሩ። እናትዬዋ ግን፣ "ቀረበ፤ ገና ነው እንጂ" አሉ። እዚህ ላይ ሁለተኛውና ጥልቁ ጉዳይ ይመጣል።

የኮምፒዩተሩ አሠራር በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው። እኩል የሆነው ትክክል ነው፤ ከእኩል የወጣው ስሕተት ወይም ጌጥ ነው የሚል ነው። ይህ እምነት ግን ለሁሉም ሕዝብ ሙዚቃ እንደማይሠራ ተጠንቷል። ራይነር ፖላክ የተባለው ተመራማሪ የማሊን የጀምቤ ከበሮ አመታት በዝርዝር ለክቶ፣ ዋናው ምት የሚከፈልባቸው ትንንሽ ምቶች በብዙዎቹ ዜማዎች እኩል እንዳልሆኑ አሳይቷል። አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ሆኖ በዝግታም በፍጥነትም ሲመታ ይህ አከፋፈል ጸንቶ ይቆያል። ስለዚህ በዚያ አገር እኩል አለመሆኑ ከመስመር መውጣት አይደለም፤ መስመሩ ራሱ እንዲያ ነው። የማሊ ከበሮና የእኛ ከበሮ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም። ነገር ግን የእኛን ለመለካት የሚመጣ ተመራማሪ ያልተነካ ቅጂ ማግኘት አለበት። የተቃናውን ቢለካ የሚያገኘው የእናቶቻችንን እጅ ሳይሆን የፕሮግራሙን መስመር ነው። ከዚያም በሚጽፈው መጽሐፍ ውስጥ "የእስክስታ ምት ፍጹም እኩል ነው" የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሮ ቢቀር ማን ሊመልሰው ይችላል?

በሌላው ወገን ሊባል የሚችለው

ሂስ ሚዛናዊ መሆን ስላለበት የተቃራኒውንም ወገን ማስረጃ እናቀርባለን። በ2013 የታተሙ ሁለት የተለያዩ ጥናቶች፣ አድማጮች ልክ በመስመሩ ላይ የተቀመጠውን የከበሮ ምት ከተዛባው እንደሚያስበልጡ ወይም ቢያንስ እንደማያሳንሱ አሳይተዋል። አንዳንዶች ይህን ይዘው፣ "እንግዲህ ማቃናት ምን ጉዳት አለው?" ይላሉ።

እኛ ግን ከዚህ ሌላ ትምህርት እንወስዳለን። በእነዚህ ጥናቶች ለአድማጮች የቀረቡት አጫጭር የከበሮ ምቶች ሲሆኑ፣ ከመስመሩ እንዲወጡ የተደረጉትም በአጥኚዎቹ ስሌት ነው። በአንድ ዘፈን ውስጥ የሰው እጅ ለሌሎች ሰዎች ጭፈራ መልስ ሲሰጥ የተቀዱ አይደሉም። ስለዚህ የሚያስረዱት ነገር ቢኖር፣ ምትን ከውጭ ሆኖ ትንሽ ስላዛቡት ብቻ ሕይወት አይገባበትም የሚለውን ነው። ይህ ደግሞ በየፕሮግራሙ ላይ ያለውንና ኖታዎችን እንዲያው በዕጣ ወዲያና ወዲህ የሚበትነውን ቁልፍ ይነቅፋል። ብዙ ወጣቶች መጀመሪያ ሁሉን ያቃኑና "ሰው እንዲመስል" ብለው ደግሞ በዚህ ቁልፍ ይበትኑታል። የሰው እጅ ግን በዕጣ አይሠራም። እናትዬዋ አንዱን ምት ያስቀደሙት ምክንያት ኖሯቸው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ ያፈረሱትን በችኮላ መገንባት አይቻልም።

ግሩቭ መፍትሔ ይሆናልን?

ከዚህ በኋላ ወጣቱን ሥራውን ገልብጦ እንዲሞክረው ጠየቅነው። ከበሮውን ወደ መስመሩ ከመሳብ ይልቅ ያልተነካውን የከበሮ ቅጂ አውጥቶ፣ ከእርሱ የግሩቭ ልክ ወስዶ፣ እርሱ በኪቦርድ በተጫወታቸው ኖታዎች ላይ እንዲሰፋው ነው። በሌላ አነጋገር ከበሮው ለማሽኑ ሳይሆን ማሽኑ ለከበሮው እንዲታዘዝ ማለት ነው። መጀመሪያ ልኩን በ50 በመቶ፣ ቀጥሎም በ100 በመቶ አሰማን። በመቶ በመቶው ላይ ኪቦርዱ ከከበሮው ሥር ገብቶ ተቀመጠ። እናትዬዋም ፊታቸው ፈካ ብሎ፣ "አዎ፣ አሁን ተከተለኝ" አሉት።

ይህ አሠራር በእውነት የሚመሰገን ነው። ወጣቱ ከአሁን በፊት ግሩቭ የሚወስደው ከፕሮግራሙ ጋር ከሚመጡት፣ ከሌሎች አገሮች ሙዚቃና ከታወቁ ማሽኖች ከተወሰዱት ልኮች ነበር። አሁን ግን የራሱን አያቶች ልክ መያዝ እንደሚችል ተረዳ። መሣሪያው ያው መሣሪያ ነው፤ የተለወጠው ማን ማንን ይከተል የሚለው ውሳኔ ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን አንሸሽግም። የግሩቭ ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከአንድ ወይም ከሁለት ዙር ምት ሲሆን፣ ያው ተደጋግሞ በጠቅላላው ዘፈን ላይ ይሠራል። እናትዬዋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያደረጉት ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ሲጀምሩ ረጋ ብለው ነው። ሴቶች ልጆቻቸው ተነሥተው መጨፈር ሲጀምሩ ምቱ ተፋጠነ። አንደኛዋ ትከሻዋን ስታርገፈግፍ በከበሮው ትንሽ አፍ የሚመቱትን ቀጭን ድምፅ አበዙላት፤ ሲደክሙም መልሰው አቀዘቀዙት። ይህ ሁሉ በአንድ ልክ ውስጥ አይገባም። ከመጀመሪያው ዙር የተወሰደው ልክ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው። እንግዲህ ግሩቭ የአንድን ቅጽበት ፎቶግራፍ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ፎቶግራፍ ጥሩ ነገር ነው፤ በሰውየው ምትክ ግን ሠርግ አይጠራም።

በማሽን የተሠሩ ጥሩ ሥራዎች

ከዚህ በላይ የተናገርነው ማሽን ሁሉ ጠላት ነው የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው ሁለት ምሳሌዎችን እናነሣለን። የመጀመሪያው ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ያወጣው ካሴት ነው። በዚህ ሥራ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዷል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም አበሻ ባልሆኑ አድማጮች ዘንድም ተወድዷል። የከበሮ ማሽኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይዛነፍ ይቆጥራል። አኮርዲዮኑ ግን በማሽኑ ላይ ይንሳፈፋል፤ አንዳንዴ ይጎተታል፤ አንዳንዴ ቀድሞ ይገባል። ማሽኑ ምሰሶ ሆኗል እንጂ አጥር አልሆነም። ሥራውን ያሳመረው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሳይነካ መቅረቱ ነው ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ምሳሌ ጄ ዲላ በሚል ስም የሚታወቀውና በ2006 ያረፈው የዲትሮይቱ ጄምስ ያንሲ ነው። ይህ ሰው በኤምፒሲ-3000 ላይ ሲሠራ ሁሉን ነገር ለመስመሩ አላስገዛም። አንዱን ድምፅ ቀጥ አድርጎ፣ ሌላውን አወዛውዞ፣ ሌላውን ደግሞ አስቀድሞ ወይም አዘግይቶ በአንድነት ያስኬዳቸው ነበር። ዳን ቻርናስ በ2022 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር ራሱን የቻለ የጊዜ አያያዝ አድርጎ ያብራራዋል። ከሞተ በኋላም መሣሪያው በዋሽንግተን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ከሁለቱም የምንማረው፣ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት የሚያዳምጥ ሰው በማሽንም ጥሩ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ነው።

ስለ ጸሎት ቅጂዎች

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሠርግና ስለ ጭፈራ ነው። ስለ ቄሶቻችን ጸሎት ግን ፍርዳችን ጠንከር ያለ ነው። የቤተ እስራኤል ጸሎት በግዕዝና በአገውኛ የሚዜም፣ በአብዛኛው አንዱ ሲመራ ሌሎች የሚቀበሉት ሲሆን፣ በአንዳንድ በዓላት ነጋሪትና ቃጭል ይታከሉበታል። ተቀባዮቹ የመሪው ድምፅ ሳያበቃ ሊገቡ ይችላሉ። ድምፅ በድምፅ ላይ ይደረባል። ይህ መደራረብ በትክክል አለመግጠም ሳይሆን የዜማው ሥርዓት ነው። የኮምፒዩተር መስመር ለዚህ ቦታ የለውም። ኬይ ካውፍማን ሼልሜይ በ1973 በኢትዮጵያ ውስጥ የቀዳችው፣ እንዲሁም ሲምሐ አሮምና ባልደረቦቹ በእስራኤል ከቄሶቻችን ቀድተው በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ሙዚቃ ጥናት ማዕከል በኩል በ2019 የታተመው ሥራ ዋጋ ያለው፣ ዜማውን እንደተዜመ በመያዙ ነው። ማንም ወጣት እነዚህን የመሳሰሉ ቅጂዎች ወስዶ ከሥራቸው ምት ሊያኖር ቢፈልግ፣ አስቀድሞ ቄሶቹን ይጠይቅ፤ ቢፈቀድለትም ድምፃቸውን ወደ መስመሩ አይሳብ።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ለቤተሰቦች፣ ለወጣት ሙዚቀኞችና ለተመራማሪዎች የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ማንኛውም የአረጋውያን ቅጂ በመጀመሪያ ሳይነካ ይቀመጥ። የሚሠራበት ግልባጩ ይሁን። በዋናው ላይም ማን እንደተጫወተ፣ የት አካባቢ እንደተማሩት፣ ለምን በዓል እንደሚዘፈንና መቼ እንደተቀዳ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ምት ከመነካቱ በፊት ዘፈኑ በሦስት ወይስ በአራት እንደሚከፈል ከተጫዋቹ ጋር ሆኖ በጭብጨባ ይጣራ። ለዚህ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ያጨበጭቡታል። ሦስተኛ፣ ልክ መወሰድ ካለበት ከከበሮው ወደ ኪቦርዱ ይወሰድ እንጂ ከኪቦርዱ ወደ ከበሮው አይሁን። አራተኛ፣ ለሕዝብ የሚቀርብ ሥራ ምቱ በኮምፒዩተር የተነካ ከሆነ በሽፋኑ ላይ ይገለጽ። ይህ ነውር አይደለም፤ ለአድማጩ ማስታወቅ ነው። አምስተኛና ከሁሉም የሚበልጠው፣ ከተቻለ ኪቦርድ ተጫዋቹ በጆሮው ላይ የሚቆጥርለትን ማሽን አጥፍቶ ከእናቶች ጎን ተቀምጦ አብሮ ይጫወት። ግሩቭ የተባለው ሁሉ ይህን ለመምሰል የተፈጠረ ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል? በጎንደር መንደር ሳለን አንድ ምት ቢረሳ የሚያስታውስ ሌላ ሰው በአጠገብ ነበር። እዚህ ግን ከበሮውን የሚያውቁት እናቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል። የልጅ ልጆቻቸው የሚያገኙት ቅጂውን ነው። ቅጂው የተቃና ብቻ ከሆነ፣ ልጁ የፕሮግራሙን መስመር "የአያቴ ምት ነው" ብሎ ይማራል፤ ለልጆቹም ያንኑ ያስተላልፋል። የሚያርመውም ሰው አይኖርም።

ወጣቱ ዛሬ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁለት ፋይሎችን ያስቀምጣል። አንዱ ለሠርግ የሚጠቀምበት ነው፤ ሌላው የእናትዬዋ ሩብ ሰዓት እንደተመታ ነው። ለልጆቹ መማሪያ የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ የድሮ የሠርግና የበዓል ካሴቶች ካሉ ወደ ማኅበሩ ብታመጡልን እንደተቀዱ ወደ ኮምፒዩተር እንገለብጣቸዋለን፤ ዋናውንም እንመልሳለን። አንዳችም ምት አናቃናም።